የማይነገረው ሕመም፦ ዓይነ ምድርን መቆጣጠር አለመቻልና የነርቭ ሕክምናው

ራሱን ያመመው ሰው ሕመሙን ለቤተሰቡ ይናገራል። ጨጓራው የተነሳበትም ለጎረቤቱ ያወራል፤ መድኃኒት ያማክራል፤ «እኔንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር» የሚል ወገን ያገኛል። ዓይነ ምድሩን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ግን ለማንም ትንፍሽ አይልም። ለባሏ ሳትናገር ዓመታት የቆጠረች ሚስት አለች። ከልጆቹ ደብቆ ልብሱን በሌሊት የሚያጥብ አባትም አለ። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ እንኳ «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ዋናውን ነገር ሳይናገር የሚመለሰው ብዙ ነው።

ሕመሙ የሚታወቀው ሰውየው ከሚናገረው ይልቅ ከሚተወው ነገር ነው። በመጀመሪያ ረጅም መንገድ ይተዋል። ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ አድርጎ ሻሸመኔ ድረስ በአውቶቡስ መጓዝ፣ መንገድ ላይ «ውረድልኝ» ማለት ለማይቻለው ሰው ጭንቅ ነው። ቀጥሎ ሠርግና ለቅሶ ይቀራል። ከዚያ ገበያ፤ በመጨረሻም የመስጊድ ጀመዓ ይቀራል። «እንዲህ ሆኜ እንዴት ከሰው መሐል እሰለፋለሁ?» ይላል። ጥቂቶች ከዚህም አልፈው «ንጹሕ አይደለሁም» በሚል ሶላትን ጭራሹን ያቋርጣሉ። አንድ ሊታከም የሚችል የአካል ችግር ሰውን ከወገኑም ከዒባዳውም ለይቶ ቤት ያስቀምጠዋል ማለት ነው።

ሐያእ ከኢማን የሚቆጠር ታላቅ ጸባይ ነው። ይሁን እንጂ የአማኞች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ጠይቀው ከመረዳት ስላላገዳቸው እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እነዚያ ሴቶች ስለ ወር አበባና ስለ ትጥበት በግልጽ ይጠይቁ ነበር። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለዚህ ሕመም፣ ስለ መንስኤውና በተለይም በሌላው ዓለም ብዙ ስለሚነገርለት ነርቭን በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምና በግልጽ እንነጋገራለን።

ችግሩ የሚፈጠረው እንዴት ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሰው አካል መውጫ ላይ ሁለት ቀለበት መሰል ጡንቻዎችን አስቀምጧል። የውስጠኛው ያለ ፈቃዳችን ሌትና ቀን ተቋጥሮ የሚኖር ነው። ተኝተንም ሆነ ሶላት ላይ ቆመን ሳናስበው የሚጠብቀን እርሱ ነው። የውጭኛው ደግሞ «ትንሽ ቆይ» ስንል በፈቃዳችን የምናጠብቀው ነው። ከእነዚህ በላይ ሌላ ጡንቻ እንደ ወንጭፍ አንጀቱን ከኋላ ይዞ ወደ ፊት ይስበዋል። የተጠራቀመው ነገር በቀጥታ እንዳይወርድም ያጥፈዋል።

ጡንቻ ግን ብቻውን ምንም አይሠራም። አዛዡ ነርቭ ነው። ከወገብ በታች፣ ከመቀመጫ በላይ ካለው ባለሦስት ማዕዘን አጥንት ቀዳዳዎች የሚወጡ ነርቮች ለእነዚህ ጡንቻዎች ትእዛዝ ያደርሳሉ። «አንጀት ሞልቷል»፣ «ይህ አየር ነው፣ ይህ ፈሳሽ ነው» የሚለውንም መልእክት ወደ አንጎል ይመልሳሉ። ስለሆነም ችግሩ ከጡንቻው፣ ከነርቩ፣ ከአንጀቱ ወይም ከራሱ ከሰገራው ጠባይ ሊመጣ ይችላል።

ሕመሙ ሰው እንደሚያስበው ብርቅ አይደለም። በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ግምገማ፣ ከመቶ አዋቂዎች መካከል ወደ 8 የሚጠጉት በተለያየ ደረጃ ይህ ችግር እንዳለባቸው ያሳያል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል። የስኳር በሽታ፣ የኪንታሮት ቀዶ ሕክምና፣ በመኪና አደጋ የሚደርስ የአከርካሪ ጉዳትና ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥ ከመንስኤዎቹ ውስጥ ናቸው። ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ ድርቀትም መንስኤ መሆኑ ነው። የደረቀ ሰገራ አንጀቱን ሲዘጋ ከበላዩ ያለው ፈሳሽ በጎኑ እየሾለከ ይወጣል። ሰውየው ተቅማጥ መስሎት የተቅማጥ መድኃኒት ቢወስድ ነገሩ ይብስበታል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ውሎው ጫት ላይ የሆነ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ጫት ሆድን ያደርቃል፤ ሙቀቱና የውኃ ማነሱም ያግዙታል።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ሦስት ዓይነት ነው

በሴቶች ዘንድ ዋነኛው መንስኤ ወሊድ ነው። እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ጉዳቶችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ምልክታቸው ይመሳሰላል፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የመዝጊያው ጡንቻ መቀደድ ነው። ሕፃኑ ሲወጣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ ይተረተርና መቀደዱ እስከ ቀለበቱ ጡንቻ ይደርሳል። አዋላጇ ወይም ሐኪሙ ወዲያው አይተው በሥርዓቱ ከሰፉት ብዙውን ጊዜ በደህና ይድናል። ቤት ውስጥ ተወልዶ ሳይሰፋ ከቀረ ግን እናትየዋ አየርና ሰገራ መያዝ ያቅታታል። ይህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ሊጠገን ይችላል።

ሁለተኛው ፊስቱላ ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ደም እንዳይደርሰው ያደርገዋል። የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው ወደ ፊኛ ከሆነ ሽንት፣ ወደ አንጀት ከሆነ ሰገራ በብልት በኩል ይፈሳል፤ በአንዳንዷ ላይ ሁለቱም ይደርሳል። ይህችን ሴት የነርቭ ሕክምናም ሆነ እንክብል አይረዳትም፤ መድኃኒቷ ቀዳዳውን የሚዘጋ ቀዶ ሕክምና ነው።

ሦስተኛው የነርቭ ጉዳት ነው። ረጅም ምጥ የመዝጊያውን ጡንቻ የሚያዘውን ነርቭ ይለጥጠዋል፤ ይጫነዋል። ጡንቻው ሳይቀደድ ይሰንፋል። በረጅም ምጥ የተጎዱ አንዳንድ ሴቶች እግራቸውን ቀና ማድረግ አቅቷቸው እያነከሱ የሚሄዱትም የእግር ነርቭ በምጥ ስለተጎዳ ነው። የተለጠጠ ነርቭ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያገግማል። ካላገገመ ጡንቻን የማጠንከር ልምምድና ነርቭን የማነቃቃት ሕክምና ቦታቸው እዚህ ነው።

ፊስቱላ ከሆነ ደጁ ክፍት ነው

በአገራችን የፊስቱላ ሕክምና ሲነሳ የዶክተር ሬጂናልድና የዶክተር ካትሪን ሐምሊን ስም አብሮ ይነሳል። እነዚህ አውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት አዲስ አበባ ገቡ። ፊስቱላ የደረሰባቸውን ሴቶች ካዩ በኋላ ግን ሕይወታቸውን ለእነርሱ ሰጡ፤ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልንም መሠረቱ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2020 አረፉ። ድርጅቱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶችን አክሟል፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። ከሻሸመኔና ከነገሌ አርሲ ለሚነሳ ሰው ከሐዋሳ በስተ ደቡብ ያለው የይርጋለሙ ቅርብ ነው። ከአዳማና ከሞጆ ለሚነሳ የአዲስ አበባው ይቀርባል።

ከዚህ ሆስፒታል ታሪክ ውስጥ የማሚቱ ጋሼ ጉዳይ ተስፋ ለቆረጠች እህት ሁሉ ሊነገር ይገባዋል። ማሚቱ ፊስቱላ ደርሶባት ለሕክምና የመጣች፣ ማንበብና መጻፍ የማታውቅ የገጠር ልጅ ነበረች። ከዳነች በኋላ እዚያው ቀርታ አንሶላ በማንጠፍና ሐኪሞችን በማገዝ ጀመረች። ቀስ በቀስ ቀዶ ሕክምናውን ተማረች። በመጨረሻም ራሷ ሴቶችን የምታክም፣ ለውጭ ሐኪሞች ጭምር የምታሳይ ባለሙያ ሆነች።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላም ጡንቻውና ነርቩ ደክመው ሽንት ወይም ሰገራ የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ። «አልዳንኩም» ብለው ተስፋ ከመቁረጥ ተመልሰው መቅረብ አለባቸው፤ ያ ሌላ ሕክምና የሚጠይቅ ሌላ ችግር ነውና።

ነርቭን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሐሳቡ የተወለደው ከሽንት ፊኛ ሕክምና ነው። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሠሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከመቀመጫ በላይ ያለውን ነርቭ በቀላል ኤሌክትሪክ ሲያነቃቁ የሽንት ቁጥጥር እንደሚሻሻል አዩ። የጀርመን ከተማ በሆነችው በኤርላንገን የነበሩት ዶክተር ክላውስ ማትስልና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ለአንጀት ሞከሩት። በሦስት ታማሚዎች ላይ ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1995 «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መሣሪያውን በ1997 ለሽንት፣ በ2011 ደግሞ ለሰገራ ችግር ፈቅዷል።

አሠራሩ ከልብ ምት መቆጣጠሪያ ጋር ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ሙከራ ይደረጋል። ሐኪሙ ከወገብ በታች ባለው አጥንት ቀዳዳ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ከነርቩ አጠገብ ያኖረዋል። ሽቦው ከሰውነት ውጭ ካለ ትንሽ መሣሪያ ጋር ይያያዝና ታማሚው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ በቤቱ እየኖረ ያመለጠውን በየቀኑ ይመዘግባል። ችግሩ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ብቻ ባትሪ ያለው መሣሪያ በመቀመጫው ላይኛ ክፍል ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ካልቀነሰ ሽቦው ይወጣል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ትልቁን ወጪ ከማውጣት በፊት ውጤቱን ለማየት መቻሉ የዚህ ሕክምና መልካም ጎን ነው።

ኤሌክትሪኩ ጡንቻውን በግድ የሚያኮማትር ይመስለን ይሆናል። ዋናው ሥራው ግን እርሱ እንዳልሆነ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይልቁንም ከአንጀት ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል የሚሄደውን መልእክት ያስተካክላል። ሰውየው አንጀቱ ሲሞላ አስቀድሞ ይሰማዋል፤ ጊዜም ያገኛል።

ውጤቱስ? በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ 120 ሰዎች መሣሪያው ተቀብሮላቸው ተከታትለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዘገባ መሠረት ከአምስት ዓመት በኋላ በሙሉ ክትትል ከተደረገላቸው 76 ሰዎች መካከል ከመቶ 89ኙ ችግራቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሷል። ከመቶ 36ቱ ደግሞ ፈጽሞ አያመልጣቸውም ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሰዎች ሙከራውን ያለፉና ክትትላቸውን የቀጠሉ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በዚሁ ጥናት ከአስር ሰዎች በአንዱ ገደማ መሣሪያው ያለበት ቦታ አመርቅዟል፤ አንዳንዶቹ መሣሪያው እንዲወጣላቸው ሆኗል። ባትሪውም ዕድሜ አለው፤ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ዓመታት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ በቀዶ ሕክምና ይለወጣል።

ቀለል ያለ ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ቀጭን መርፌ ከቁርጭምጭሚት ውስጠኛ ጎን ትንሽ ከፍ ብሎ ይገባና ለ30 ደቂቃ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህም በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይደጋገማል። የእግሩ ነርቭ ሥር ከአንጀቱ ነርቭ ሥር ጋር ስለሚገናኝ ነው ከዚያ የተጀመረው። ይሁንና በእንግሊዝ አገር 227 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የጠበቁት አልሆነም። እውነተኛውን ሕክምና ካገኙት ከመቶ 38ቱ በግማሽ ተሻላቸው፤ የማስመሰያ ሕክምና ከተሰጣቸው ደግሞ 31ዱ ተሻላቸው። ልዩነቱ ሕክምናው ሠርቷል የሚያሰኝ አልነበረም። ስለሆነም «በኤሌክትሪክ እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቅ።

ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ ታማሚውን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ሲነሳም አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ጡንቻው አለመቀደዱ በምርመራ ታይቷል ወይ? መሣሪያው ከመቀበሩ በፊት ሙከራ ይደረጋል ወይ? ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ መሣሪያውን የሚያስተካክለው ማነው? ባትሪው ሲያልቅስ? ኤም.አር.አይ ምርመራ ቢያስፈልግ ይፈቅዳል ወይ? ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዝ ሰውም በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ የሚያሳየው የመሣሪያ መታወቂያ ካርድ መያዝ ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት በቤታችን የምንጀምረው

የነርቭ ሕክምና በየትም አገር ቢሆን የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። የሚጀመረው ከቀላሉ ነው፤ ብዙ ሰውም በዚያው ይሻለዋል።

አንደኛ፣ የጡንቻ ልምምድ። አየር እንዳያመልጥ እንደሚያደርግ ሰው ፊንጢጣን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መቋጠር፣ አምስት እስኪቆጠር መያዝ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ማላላት፤ ይህንንም አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። እየቆየ አምስቱን ወደ አሥር ማሳደግ ይቻላል። ትንፋሽ አይያዝም፤ ጭንና መቀመጫም አይጨመቅም። ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ወር ያህል ሳያቋርጡ መሥራት ያስፈልጋል። ከሶላት በኋላ ተቀምጦ ዚክር የሚያደርግ ሰው ሰዓቱን ከዚያ ቀጥሎ ቢያደርገው አይረሳውም።

ሁለተኛ፣ ምግብ። ቡና አንጀትን ያንቀሳቅሳል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ የማይስማማው ሰው የሚጠጣው ወተትና ቅባት የበዛበት ምግብም ሰገራን ያቀጥናሉ። ምን ተበልቶ ምን እንደሆነ ለሁለት ሳምንት በደብተር መመዝገብ ጠላቱን ለይቶ ያሳያል። ድርቀት ያለበት ደግሞ ውኃ፣ አትክልትና ተልባ ያብዛ።

ሦስተኛ፣ ልማድ። ከቁርስ በኋላ አንጀት በራሱ ይነቃል። በየቀኑ በዚያ ሰዓት ሳይቸኩሉ መጸዳጃ ቤት መቀመጥ ቀኑን ያቀልለዋል።

አራተኛ፣ ቆዳን መጠበቅ። በውኃ የመታጠብ ልማዳችን እዚህ ላይ ትልቅ ጸጋ ነው። ሽታ ያለው ሳሙና ሳይጨመር በውኃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ከዚያ ቫዝሊን መቀባት ቆዳው እንዳይቆስል ያደርጋል።

አምስተኛ፣ መድኃኒት። ሰገራን የሚያጠነክር ሎፐራሚድ የተባለ እንክብል አለ፤ ነገር ግን ድርቀት አለመኖሩን ሐኪም ሳያረጋግጥ አይወሰድም።

ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ሳይዘገዩ መመርመር ይገባል። ችግሩ በድንገት ከእግር መስነፍና ከመቀመጫ መደንዘዝ ጋር ከመጣ ግን ያ የአከርካሪ ድንገተኛ ሕመም ነውና በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ሶላትስ እንዴት ይሁን?

ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሶላት አይቀርበትም። ለዚህ መሠረቱ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ጀምሮ አለ። ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደም እየፈሰሳት አልቆም ስላላት ሶላት ልትተው እንደሆነ ስትጠይቅ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያ ከደም ሥር የሚመጣ እንጂ የወር አበባ እንዳልሆነ ነግረው እንድትሰግድ አዘዋታል። ዑለማኦች ሽንት፣ አየርና ሰገራ የማይቆምለትን ሰው በዚሁ መሠረት «ባለ ዑዝር» ብለው መድበውታል።

በአገራችን ብዙዎች በሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ ባለ ዑዝሩ የሶላቱ ወቅት ከገባ በኋላ ይታጠባል፤ ፈሳሹን የሚይዝ ጨርቅ ያደርጋል፤ ውዱእ አድርጎም ሳይዘገይ ይሰግዳል። ለእያንዳንዱ ፈርድ ሶላት ይህንኑ ያድሳል። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ አንድ ውዱእ የዚያ ሶላት ወቅት እስኪወጣ ድረስ ያገለግለዋል። በመሐሉ ቢያመልጠው ሶላቱ አይበላሽም። ሁልጊዜ የሚቆምበት የታወቀ ሰዓት ካለው ግን ያንን ሰዓት ጠብቆ ይሰግዳል። ዝርዝሩን እያንዳንዱ ሰው ሁኔታውን ገልጾ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ፤ ሴቶችም በባሎቻቸው ወይም በእናቶቻቸው በኩል መጠየቅ ይችላሉ። ዋናው ነገር ማንም ሰው ከአቅሙ በላይ አለመጠየቁ ነው።

ለባሎችና ለቤተሰብ

ይህ ሕመም ከደረሰባት ሴት ይልቅ የቤተሰቡ ፊት መጥቆር የሚጎዳት ጊዜ አለ። ልጅህን ልትወልድ ስትል የተጎዳችን ሚስት በሽታዋ ምክንያት ፈትቶ ወደ ወላጆቿ መስደድ ከሙስሊም ወንድ አይጠበቅም። «ምን ሆነሻል?» ብሎ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ ነው የሚጠበቀው። አማቶችም ምራታቸው እቤት መቅረት ስታበዛ፣ ልብስ ስታጥብ ስትውል ካዩ ከማማት ይልቅ ለብቻዋ ጠርተው ይጠይቋት።

መከላከሉ ከሁሉ ይበልጣል። ምጥ ከጀመረ በኋላ መንገድ መፈለግ አደጋ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ ከከተማ ርቀው ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ምጡ አንድ ቀንና ሌሊት እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም። ከወለዱ በኋላ አየርም ሆነ ሰገራ የሚያመልጣት እናት ደግሞ በድኅረ ወሊድ ክትትሏ ላይ ለአዋላጇ ትናገር። አዋላጇ በአዳማና በአሰላ ወዳሉት ትላልቅ ሆስፒታሎች ወይም ወደ ፊስቱላ ማእከል ልትልካት ትችላለች።

ለሐኪሙ የሚነገረው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «ሰገራዬን መያዝ አቅቶኛል።» ይህን ያለ ሰው ሕመሙ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መንገዱን ጀምሯል። አላህ በሽታን ሲያወርድ ፈውሱንም አብሮ አውርዷልና በዝምታ የሚቀመጡትን ወገኖቻችንን እናበርታቸው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእን ይወፍቃቸው። አሚን።